ጋቢ የለበሰው ሰርቨር

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃችን ከአንገቱ ላይ ፍላሽ አውልቆ ሰጠኝ። «ይህ ከጠፋ ድርጅቱ ጠፋ» አለኝ። የሁላችንም ኮድ እዚያ ላይ ነበር። ፍላሹ የደረሰው ይጽፋል፣ የቀረነው ማኪያቶ እንጠጣለን። ከፍተኛ ፕሮግራመር የሚባለው ፍላሹን አልለቅም ያለ ሰው ነው።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች በእኔ ፋይል ላይ የየራሳቸውን ገለበጡበትና የሳምንት ሥራዬ ድራሹ ጠፋ። አለቃችን ስብሰባ ጠርቶ መፍትሔ ሰጠ፤ ለፍላሹ ወፍራም ገመድ ተገዛ።

እኔና ባልደረባዬ ሌሊሴ ሥራውን ለቀን ወጣንና በየቤታችን ሆነን ለራሳችን መሥራት ጀመርን፤ እሷ ሰበታ፣ እኔ ቡራዩ። በተከራየሁት ክፍል አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ጊት ጫንኩ፤ የሁለታችን ኮድ የሚሰበሰብበት ሰርቨር እሱ ሆነ። ጊት ማን ምን እንደለወጠ እየመዘገበ ያለፈውን ሁሉ የሚያኖር ፕሮግራም ነው፤ ዛሬ ያበላሸኸውን ወደ ትናንቱ ይመልስልሃል። ለራሴም «የሰርቨር ኃላፊ» የሚል ማዕረግ ሰጠሁ።

«ያለ እኔ አንድ መስመር ኮድ አትንቀሳቀስም» እላታለሁ በስልክ።

«እሺ ጌታው» ትለኛለች።

ሱሉልታ ላለ አንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም እየሠራን ነበር። ርክክቡ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ከሰዓት ወጣ ብዬ ስመለስ ክፍሌ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ማሽኑ ጋቢ ተከናንቧል። ቁልፍ የምተውላቸው አከራዬ አዴ ጫልቱ አጠገቡ ቆመዋል።

«አዴ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«ሲያቃስት ሰማሁት ልጄ። ብርድ መቶት ነው ብዬ አለበስኩት። ይኸው፣ ዝም አለ።»

ለዘላለም ዝም ብሏል። እኔም የምጽፈው በዚያው ላይ ነበር። ለሌሊሴ ደውዬ «አለቀልን» አልኳት።

ሳቋን ለቀቀችው። «አንተ ሰውዬ፣ ጊት እኮ የኮዱን ታሪክ ሁሉ ለየማሽናችን ነው የሚሰጠው። እስከ ትናንት የሠራነው እኔ ላፕቶፕ ላይ አለ።»

ይህን መጀመሪያውኑ አንብቤው ነበር። ማዕረጉ አስረሳኝ። የጠፋው የዚያን ጠዋት የጻፍኩት ብቻ ሆነ፤ ማታውን በተዋስኩት ላፕቶፕ ደገምኩት።

በነጋታው ሌሊሴ ሲስተሙን ለክሊኒኩ ባለቤት፣ ለዶክተሩ፣ ከላፕቶፗ አሳየች። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረው «እርሳቸውስ?» አሉ።

«የሰርቨር ኃላፊያችን ነው።»

«ሰርቨሩ የታለ?»

«ዕረፍት ላይ ነው» አለች።

ለብቻችሁ የምትሠሩ ሁሉ፣ ኮዳችሁን ቢያንስ ሁለት ቤት አኑሩ። ከሁለቱም ቤት መልሳችሁ አውጡትና መሥራቱን እዩ። ያልተሞከረ ቅጂ እንደሌለ ነው።