ጭስ የሌላት መርከብ

በግቢያችን ሁሉም ሰው ካፒቴኑ የሚላቸው ሽማግሌ፣ በየክረምቱ ወደ መርከቧ ትንሽ ትንሽ እየተጠጉ ይሄዱ ነበር። እኔ ሕፃን ሳለሁ ስለ መርከቧ የሰሙ ሰው ብቻ ነበሩ። በወጣትነታቸው ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ጥጥ ሲጭኑ፣ ሸራ የሌላት፣ ጭስም የማታጨስ፣ በሁለት ረጃጅም የቆርቆሮ ምሰሶ የምትሄድ መርከብ አለች ሲባል ሰሙ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሩቅ ያዩዋት ሆኑ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ልብስ መስፋት ስጀምር ደግሞ፣ ገመዷን ተቀብለው ያሰሯት እሳቸው ነበሩ።

አባቴ፣ «ክረምቱ ትንሽ ቢረዝም ኖሮ አንደኛውን ምሰሶ ራሳቸው ይሆኑ ነበር» ይል ነበር።

የምንኖርባት የሱዳን ከተማ፣ ገዳሪፍ፣ ከባሕር ሩቅ ናት። ብዙ ውሃ የምናየው ከሰማይ ሲወርድ ነው፤ ያን ጊዜም ጥቁር ጭቃ ሆኖ ጫማችንን ከእግራችን ይነጥቃል። ዝናቡ ሥራ ሲያስፈታ ወንዶቹ ራኩባው ሥር፣ ማለት የግቢያችን የሣር ዳስ ሥር፣ ይሰበሰቡና መርከቧን ይቆሰቁሷታል።

«ምሰሶው ይሽከረከራል፤ ነፋሱ ሲመታው መርከቧ ትሄዳለች» ይላሉ ካፒቴኑ።

«ጭስ ማውጫ ይሆናል እንጂ» ይላል አንዱ።

«ጭስ የለውም አልኩህ።»

«ረመዷን ገብቶባት ይሆናላ» ይላል በግቢያችን በር ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ። የወሎ ሰው ነው፤ እስላም ነው፤ ጾሙን ባጠበቀ ቁጥር ይህን ቀልድ ይደግመዋል፤ ከማንም በፊትም ራሱ ይስቃል።

ነገሩ በሳቅ ቢቀር መልካም ነበር። ግን በኛ ዘንድ ለልጅ ሚስት ሲጠየቅ ሦስት ሽማግሌ ይላካል። ሦስቱ የልጅቱ አባት ደጅ ይቆማሉ፤ ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ፤ ስለ ልጁም ይመሰክራሉ። ከሦስቱ የአንዱ ቃል ከተጠረጠረ የሦስቱም ቃል ይቀልላል። ስለዚህ ካፒቴኑ ያን ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ልጅ ሲዳር፣ አንድም ቀን ተልከው አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ የግቢውን በር የሚከፍቱላቸው ግን እሳቸው ነበሩ። ሲመለሱም በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል።

የወንድሜ ተራ ደረሰ። ልጅቱ የምትኖረው ባሱንዳ በሚባል የገጠር መንደር ነበር፤ አባቷ ማሽላ የሚያርስ ኮስታራ ሰው ነው ይባላል። አባቴ ነጋዴውንና አንድ ቄስ መረጠ። ሦስተኛው ሰው በወባ ተኝቶ ቦታው ባዶ ነበር። ወንድሜን ደግሞ በሕፃንነቱ፣ ወላጆቼ ድንበር ተሻግረው ገላባት ሲደርሱ፣ ተቀብለው በትከሻቸው እስከ መኪናው የተሸከሙት ካፒቴኑ ናቸው። ማንም ሳይነግራቸው ነጭ ጀለቢያቸውን አጥበው አሰጡ፤ ሲደርቅ ወደኔ ይዘውት መጡ።

«አንገቱን ጠግኝልኝ።»

«ለምን ቀን ነው አያ?»

«ለምንም ቀን። ልብስ ነው፤ ይጠገናል።»

በዚያው ሳምንት ጀርመን የምትኖረው አክስቴ የወንድሜን ወሬ ሰምታ የደስ ደስ ብላ ፎቶዋን በፖስታ ላከች። ቤተሰቡ ፎቶውን ሲቀባበል እኔ ፖስታውን አነሳሁ። ጥግ ላይ ከጥፍሬ ብዙም የማትበልጥ መርከብ ነበረች፤ ሁለት ረጃጅም ምሰሶ፣ ሸራ የለ፣ ጭስ የለ። ቴምብሩን በውሃ አርሼ ላጥሁትና በመርፌ መያዣዬ ውስጥ ደበቅሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ግቢውን በጩኸት ይሞላው ነበር። እኔ ሰው ባለበት ስናገር ድምፄ በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያልፍ ክር ይቀጥናል፤ ደግሞም አፌን ከመክፈቴ በፊት እርግጠኛ መሆን ፈለግሁ።

ነጠላ ጫማዬ ላይ ሁለት ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አቁሜ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ላይ አንሳፈፍሁት። በካርቶን አራገብሁለት። ነጠላው ፈቀቅ አለና ዞሮ ጀርባውን ሰጠኝ። እናቴ ከበሩ ላይ፣ «ጫማሽን ሞቆት ነው?» አለችኝ።

ለአክስቴ ስልክ አስደወልሁ። እሷም የምትጦራቸውን ሰውዬ ጠየቀች፤ ቴምብር የሚሰበስቡ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ አንድ ጠየቅኋቸው፤ ሦስት ሰዓት ነገሩኝ» አለች ስትደውል። «መጀመሪያ የሸራ መርከብ ነበረች አሉ። እንሞክራት ብለው የሸራ ምሰሶዋን ነቅለው ሁለት የቆርቆሮ ግንብ አቆሙባት። ግንቡን ትንሽ ሞተር ያሽከረክረዋል፤ የሚሽከረከረውን ነገር ነፋስ ሲመታው ወደ ጎን ይገፋዋል። በዚያ ታላቁን ባሕር አቋርጣ አሜሪካ ገባች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ናፍጣ ረከሰ። ሰውም ለምን እንደክማለን ብሎ ግንቦቹን አነሳቸው። ኋላ እንደማንኛዋም መርከብ ጭነት ስታመላልስ ማዕበል በላት።»

«መቼ ነው?»

«ኧረ ድሮ ነው። እኚያ ጎረቤታችሁ ሳይወለዱ።»

ስልኩን ዘግቼ ቆርቆሮዎቹ ላይ ክር ጠመጠምሁ። ክሩን ሳብ አድርጌ አሽከረከርኋቸውና አራገብሁ። ነጠላው እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን አንድ ስንዝር ሄዶ ተገለበጠ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አክስቴ መጨረሻ ላይ ያለችው ትዝ አለኝ። መርከቧ እውነት ናት። የሳቸው ማየት ነው እውነት ያልሆነው።

በማግስቱ ካፒቴኑ የውሃ እንስራው ዘንድ ሲቆሙ ጠብቄ ቴምብሩን መዳፋቸው ላይ አኖርሁት። ወደ ብርሃን አወጡት፤ አራቁት፤ አቀረቡት። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋቸው፤ የመጨረሻውን መሬት መሬት እያየሁ።

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«አልነገርሁም አያ።»

ቴምብሩን መለሱልኝ፤ ውሃቸውንም ሳይጠጡ ሄዱ።

ማታ ላይ ወንዶቹ ሦስተኛውን ሰው ሊመርጡ ራኩባው ሥር ተቀመጡ። ካፒቴኑ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ጥግ ላይ። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለቄሱ፣ «የልጅቱ አባት ደጅ መርከቧን ያስነሷት እንደሆን አለቀልን» ሲል ሰማሁት። ሻዩን ይዤ ገባሁ፤ ቴምብሩን ስኳሩ ጎን ትሪው ላይ አስቀምጬዋለሁ። መናገር ሲያቅተኝ የማውቀው ዘዴ ይህ ነው። ትሪውን ወደ መሐላቸው አቀረብሁ።

መጀመሪያ ያየው ነጋዴው ነው።

«ይቺ የኛ የገዳሪፍ ጎተራ አይደለችም እንዴ?» አለ። ከተማችን መግቢያ ላይ ያሉትን ረጃጅም የማሽላ ጎተራዎች ማለቱ ነው። «እግር አውጥታ ጀልባ ተሳፈረች?»

ቄሱ መነጽራቸውን አደረጉ። «ጎተራ አይደለም። ሁለት ምሰሶ ነው። ጭስ የለውም።»

ቴምብሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«ከየት መጣ?» አለ አባቴ።

«ከአክስቴ ፖስታ» አልሁ፤ ድምፄን የሰማው ሻይ ማንቆርቆሪያው ብቻ ይመስለኛል። «ነበረች አሉ። በነፋስ ትሄድ ነበር አሉ።»

አባቴ ቴምብሩን ይዞ ወደ ጥጉ ዞረ። «አንቱ ሰውዬ፣ ለካ ዕድሜ ልክ ስንስቅብዎ የኖርነው በከንቱ ነው።»

ነጋዴው ቦታ ለቀቀላቸው። «ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ። በሉ አሁን ይንገሩን፣ ገመዷን እንዴት አሰሯት?»

ካፒቴኑ አዩኝ። ትሪውን ይዤ ቆምሁ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀራቸው፤ ያንንም ለዓመታት ሲሉት ስለኖሩ አይቸግራቸውም።

«አላሰርኋትም» አሉ።

«እንዴት?»

«አላየኋትምም። አንድ የመርከብ ምግብ አብሳይ ነው የነገረኝ፤ በከሰል ጆንያ ላይ ስሎ አሳየኝ። እኔ ሳልወለድ ሰጥማለች። ሰማሁ ስል ሳቃችሁ፤ አየሁ ብል ታምናላችሁ ብዬ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የባሰ ሳቃችሁ።»

ማንም አልሳቀም። ነጋዴው የሻዩን ስኳር ሲያማስል ቆየና፣ «እኚህን ሰው የገፋናቸው እኛ ነን እንጂ ነፋሱ አይደለም» አለ።

ቄሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማስረጃው እጁ ሲገባ የራሱን ውሸት የሚመልስ ሰው አይቻለሁ ብል እኔም ውሸታም እባላለሁ። ይሄው ግን አየሁ። ሦስተኛው ሰው እኚህ ናቸው።»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «ይሂዱ። ግን አያ፣ መርከቧ እዚህ ትቀራለች።»

«እዚህ ትቀራለች» አሉ ካፒቴኑ፤ የጀለቢያቸውንም አንገት፣ እኔ የጠገንሁትን፣ በእጃቸው ዳሰሱት።

በሄዱበት ቀን በሩን የከፈትሁላቸው እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆሜም የጠበቅኋቸው እኔ ነኝ። ነጋዴው ከመኪናው ሳይወርድ ነበር ወሬውን የጀመረው። ልጅቱን ሰጥተዋል። ሦስቱ ደጅ ቆመው፣ ካፒቴኑ ስለ ወንድሜ መስክረው፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ኮስታራው አባት ተነስቶ በሩን ዘጋ አሉ። ሦስቱም ደነገጡ።

«ገዳሪፍ ውስጥ ስለ መርከብ የሚያወሩ ሽማግሌ አሉ ሲባል እሰማለሁ» አለ ሰውየው። «እኚህ ከሆኑ ሳይነግሩን አይወጡም።»

ካፒቴኑ የአባቴን ቃል ፈርተው ነጋዴውን አዩ፤ ነጋዴውም ምራቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ረመዷን አይደለም፣ ይናገሩ» አላቸው።

ሲጀምሩ፣ «ሰማሁ እንጂ አላየሁም» ብለው ነው የጀመሩት።

አሁን ቴምብሩ እሳቸው ዘንድ ነው፤ በጥምጥማቸው እጥፋት ውስጥ ይኖራል። ያለፈው ክረምት ዝናቡ በርትቶ ሰው ሁሉ ራኩባው ሥር ሲሰበሰብ፣ የወንድሜ ሚስት መርከቧን ጠየቀቻቸው። ካፒቴኑ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

«አየኋት» አሉ። አባቴ ቀና ብሎ እስኪያያቸው ጠበቁና ጥምጥማቸውን መፍታት ጀመሩ።