የእሑድ ጾም

የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ከናዝሬት ወስዶ ተራራ ላይ ያለ ጥንታዊ የሸክላ ሠሪዎች መንደር ሊያስጎበኘን ነው ሲባል እናቴ አሞኛል አለች። የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገባል ሲባል ዳነች።

አስጎብኚያችን ከቀበሌ የተመደበ ካድሬ ነበር። አውቶቡሱ ዳገቱን ሲወጣ ከወረቀት አነበበልን፤ መንደሩ ድሮ ለነገሥታቱ፣ ይቅርታ፣ ለፊውዳሎቹ፣ ጋንና ገንቦ ይሠራ ነበር። «ጠይብ፣ ቡዳ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የእጅ ባለሙያ ነው» አለ። አጨበጨብን። ከሁሉም አብልጠው ያጨበጨቡት የእጮኛዬ እናት ናቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽማግሌ ሊልኩ ነው፤ ዘር መቁጠር ደግሞ ይወዳሉ። እናቴን አገርሽ የት ነው ባሏት ቁጥር «ወደ ላይ ነው» ትላቸዋለች። ለእኔም ከዚህ የበለጠ ነግራኝ አታውቅም።

ስንደርስ አንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ በሰፌድ የባቄላ ንፍሮ አቀረቡልን። ካድሬው ሰፌዱን አየና «ጾም ነኝ» አለ። እግዚአብሔር የለም ብሎ ያስተማረን እሱው ነው። ንፍሮም የጾም ምግብ ነው። የእጮኛዬ እናትም ጾም ሆኑ፤ ሴቱ ሁሉ በየተራው ጾም ሆነ። ሰፌዱ እኔ ጋ ደረሰ። ሆዴ ይጮኻል።

«ጾም ነኝ» አልኩ።

እናቴ ግን ከእኛ ፈንጠር ብላ ገና ያልደረቀ ገንቦ ታያለች። አፉ ትንሽ ተጣሟል። ሳታስበው መሰለኝ፣ አውራ ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ዙሪያውን አቃናችው። አሮጊቷ እጇን አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ የት ነው የተማርሽው?» አሏት።

እናቴ ወደ እኔ አየች፤ ወደ እጮኛዬ እናትም አየች።

«እዚሁ ነው የተወለድኩት፣ እማማ» አለችና ከሰፌዱ ዘግና መብላት ጀመረች። ካድሬው ወረቀቱን ማንበብ ቀጠለ።

«ይቺስ?» አሉ አሮጊቷ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

«ልጄ ናት። ጾመኛ ናት» አለች እናቴ።

ቀኑ እሑድ፣ ወሩ ጥር ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው ቀን አልመጡም። እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቅናቸው። ከዚያ እናቴ ባቄላ ቀቅላ ሰፌዱን ፊቴ አስቀመጠችና «ዛሬስ ጾም ነው?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኩ።

ጨው አንሶታል። ሁሉንም በላሁ።