ሰምበሌጧ ዘሯን ትጣል

በመተማ ቆላ የግብርና ባለሙያ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት በደንብ ያስተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር እሱው መልሶ አዋረደኝ። «ሰሊጡ ሂላ ከመቆሙ በፊት ማሳ ዳር ነፍሳት ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ርጩ» እል ነበር። ሂላ የታጨደው ሰሊጥ ነዶው ቆሞ የሚደርቅበት ክምር ነው፤ ተባይ ከገባበት የዓመት ልፋት ገለባ ሆኖ ይቀራል።

ከሰሙኝ አንዱ ከጎጃም መጥተው የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው የደም ግፊት ይዟቸው ከቤት አይወጡም፤ ሐኪሙ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይተኙ ብሏል፤ ቤቱ ግን ቆርቆሮ ነው። በሚያዝያ መተማ ቆርቆሮ ሥር መተኛት ምን እንደሆነ የቀመሰ ያውቀዋል። ዱሮ ጣራቸው ሣር ነበር፤ ሰምበሌጡን ከጓሯቸው፣ ከሰሊጥ ማሳቸው አጠገብ ካለው ጦም አዳሪ መሬት ያጭዱ ነበር። በኋላ መሬቱን ቅንጬ የሚሉት መጤ አረም ወረሰው። ከብት አይበላው፣ ሲነቅሉት ገላ ያሳክካል፣ ከአጠገቡ ሣር አያበቅል። ሰምበሌጡ ሲጠፋ ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ።

ክረምት ሲገባ ቅንጬን ብቻ የሚበሉ ጢንዚዛዎች ከምርምር ጣቢያ አምጥቼ እዚያ መሬት ላይ ለቀቅኳቸው። ሽማግሌው «እንግዲህ አረም የሚያርም ትል መጣልን» ብለው ሳቁብኝ። ነሐሴ ላይ ግን ቅንጬው ቅጠሉ አልቆ ዘንጉ ቀረ። በአንድ ጥግም ሰምበሌጥ ብቅ አለ። እንደ ልጅ ፈነደቅሁ።

በመስከረም ስመለስ የጀርባ ጸረ ተባይ መርጫው ታጥቦ አጥር ላይ ተሰቅሏል። ጢንዚዛዎቹ ከቅንጬው ሥር ረግፈዋል።

«ወደ ሰሊጡ ሊሻገሩ ሲሉ ቀደምኳቸው» አሉኝ ሽማግሌው፣ ኮራ ብለው።

«አባባ፣ እኔ ያመጣኋቸው እኮ ናቸው። ሰሊጥ አይነኩም።»

«ቅንጬው ሲያልቅባቸው ምን ሊበሉ ኖሯል? ማሳ ዳር ነፍሳት ካያችሁ ርጩ ያልከን አንተው ነህ። እነዚህን ተዉ ብለህ መች ነገርከኝ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስለ ጢንዚዛዎቹ ለአለቆቼ ገጽ ሙሉ ሪፖርት ጽፌ፣ ለባለመሬቱ «እነዚህን አትርጩ» የምትል አንዲት ቃል ነፍጌያለሁ።

ቅንጬው እንደገና አቆጠቆጠ። በጥቅምት የተረፈችው ያቺው የጥግ ሰምበሌጥ ናት። ቤት አትከድንም፤ ለአንድ አልጋ የሚሆን ዳስ ግን ይወጣታል። ለክዳን የሚታጨደው ደግሞ ዘሩ ሳይረግፍ ነው፤ ከቆየ ይሰባበራል። ሽማግሌው ማጭዳቸውን ስለው መጡ፤ እኔም ነዶ ላስር አብሬ ቆምኩ። ባለቤታቸው መቃኑን ተደግፈው ያዩናል።

«ይተዋት» አሉ ቀስ ብለው። «ዘሯን ትጣል።»

«አንቺስ?» አሉ ባልየው።

«ሚያዝያን እንደምንም እችለዋለሁ። እሷ ዛሬ ከታጨደች ግን ከርሞም ቅንጬ ነው።»

ሽማግሌው ማጭዱን ወደ መሬት አወረዱት። ሴትዮዋ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደዚያ ምድጃ ወደሆነ ቤት ተመለሱ፤ እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።