በሦስተኛው ጥሪ

ማንጠግቦሽ ወደ ቤቴ የመጣችው በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ብርድ ልብስና በፌስታል የታሰረ ሽሮ ይዛ ነው። እናቷ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ደብረ ኤልያስ ነው የሚኖሩት። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ሦስቱን ዓመት የኖረችው ግቢ ውስጥ፣ ዶርም ነበር። አራተኛው ላይ «እማማ፣ እርስዎ ዘንድ ጸጥታ አለ አሉኝ» ብላ መጣች።

ጸጥታስ አለ። ልጄ አማረ ሥራ ይዞ ደጀን ከሄደ ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። ቤቴ በአንድ ቆርቆሮ ሥር የተደረደሩ ሦስት ክፍሎች ናቸው። አንደኛው የእኔ ነው፤ መካከለኛውን ለማንጠግቦሽ ሰጠኋት፤ የዳሩ ተቆልፏል። የጭቃ ቤት ስለሆነ በአንዱ ክፍል የሳሉት በሌላው ይሰማል።

ልጅቱ በጽሑፍ ጎበዝ ነበረች። አፏ ግን በእንግሊዝኛ አይከፈትም። ባለፈው ዓመት ክፍሉ ፊት ቆማ ስለ ሥራዋ እንድትናገር ታዘዘችና አስተማሪው አንድ ጊዜ ጠየቃት፤ ዝም አለች። ደገመና ጠየቃት፤ ዝም አለች። ከዚያ ወደ ሌላ ልጅ ዞረ። የዶርም ልጆች ከዚያን ቀን ጀምሮ «ሳይለንት» እያሉ ይጠሯት ጀመር፣ ድምፁን እንዳጠፉት ስልክ።

«ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነበር።»

ሳቅሁ እንጂ ገብቶኝ ነበር። በእኛ አገር ልጅ ሲያድግ፣ የሚጠራውን ሳያይ ቶሎ አቤት እንዳይል ይመከራል። ከአጥር ውጭ፣ ከወንዝ ማዶ፣ ከጭጋግ ውስጥ ስም የሚጠራ ሁሉ ሰው አይደለም። ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ሌላው ከሁለት አያልፍም። በመጀመሪያው አቤት ያለ ሰው ድምፁን አስይዟል ይባላል። የማንጠግቦሽ አያት ይህን አጥብቀው ነበር ያስተማሯት። ልጅቱ የአስተማሪውን ፊት ፊት ለፊት እያየች እንኳ ምላሷ የአያቷን ሕግ ጠበቀ።

አሁን ደግሞ በሰኔ ዲፌንስ የሚሉት ነበረባት። ለመመረቂያ የጻፈችውን ጥናት ሦስት አስተማሪዎች ፊት ቆማ፣ የሚጠይቋትን በእንግሊዝኛ መመለስ ነው።

«እዚያም ዝም ካልኩ አልመረቅም እማማ» አለችኝ። «አባዬ ደግሞ መልሶ አይልከኝም። ሽማግሌ የላከ ሰው አለ፤ እስከ ሰኔ ታገሱ ብሏቸዋል።»

የምትለማመደው ቀትር ላይ ነው። በቀትር ለብቻ ማውራት ደግ አይደለም ብያት ነበር፤ ሌላ ሰዓት ጎረቤት ይስቅብኛል አለች። በሯን ዘግታ፣ በርጩማዋን ወደ ዳሩ ክፍል ግድግዳ አዙራ ትቀመጥና የሁለት ሰው ወግ ብቻዋን ታወጋለች። ሐኪምም ታማሚም ትሆናለች። ሱቅ ገብታ ሳሙና ትጠይቅና ራሷ ሻጭ ሆና የለም ትላለች። እኔ በረንዳው ላይ ጥጤን እየፈተልኩ እሰማለሁ።

«ሁልጊዜ የለም የሚል ሱቅ ምን ያደርጋል?» አልኳት አንድ ቀን።

«አለ ካልኩ ብዙ ያናግረኛል» ብላ ሳቀች።

በኅዳር፣ ከሚካኤል በኋላ ይመስለኛል፣ እንደተለመደው ተቀምጬ ሳለሁ ማንጠግቦሽ «ሃው አር ዩ?» አለች። ትንሽ ቆይቶ ወፈር ያለ የወንድ ድምፅ «አጌን» አለ። እሷም ድምፇን ከፍ አድርጋ «ሃው አር ዩ?» አለች።

ስልኳ ነው ብዬ ፈተሌን ቀጠልኩ። ውኃ ልጠጣ ወደ ክፍሌ ስገባ ስልኳ የእኔው መደርደሪያ ላይ ሶኬት ተሰክቶ አየሁት። የእሷ ክፍል ሶኬት ከተበላሸ ሰንብቷል።

ስትወጣ ጠየቅኋት። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው፣ ማንጤ?»

«ከጎኔ ካሉት ሰውዬ ጋር። ተከራይ አይደሉም እንዴ? ጥሩ አስተማሪ ናቸው፤ የምሳሳተውን ሁሉ ይሰማሉ። ግን ከአንዲት ቃል ሌላ አይወጣቸውም።» ከዚያ ፊቷ በራ። «አሁን እኮ እማማ፣ በመጀመሪያው ነው የምመልሰው። ገና አጌን ሲሉኝ።»

እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ። አንስታ ሰጠችኝ።

በዳሩ ክፍል የኖሩት ጋሽ ታረቀኝ ናቸው። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ተከራይተው ኖሩና እዚያው አረፉ፤ ስድስት ክረምት አልፏል። ዘመድ ስላልነበራቸው ዕቃቸውን የወሰደ የለም። «አጌን» ሲሉ ጌውን ይጎትቱት ነበር፣ በገመድ ውኃ እንደሚስብ ሰው። እንደዚያ ሲል የሰማሁት ሌላ ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ማንጠግቦሽ ትምህርት ስትሄድ፣ ቁልፉን ከሣጥኔ አወጣሁ። ጓጉንቸሩ ዝጎ ስለነበር ዘይት አንጠባጥቤበት ብዙ ታገልኩት። ውስጡ እንደተውኩት ነበር፦ የሽቦው አልጋ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለው ግራጫ ኮት፣ የጠመኔ ቆርቆሮ። ወለሉ ላይ አቧራው እንደተነፋ ዱቄት ተኝቷል። ወንበራቸውን ግን በመስኮቱ ሥር ነበር የተውኩት። አሁን ፊቱን ወደ ማንጠግቦሽ ግድግዳ አዙሮ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ ቆሟል። አቧራው ላይ የእግር ዱካ የለም። ወንበሩ የተጎተተበት መስመርም የለም። ወደ ቦታው ልመልሰው ይገባኝ ነበር፤ እጄ እሺ አላለኝም። ቆልፌው ወጣሁ።

ከማርቆስ ጸበል አምጥቼ ደጃፉን ረጨሁ። በማግስቱም ቀትር ላይ «አጌን» አለ።

ልንገራት ወይስ ልተው እያልኩ ገናም ጥምቀትም አለፈ። ብነግራት ትሸሻለች፤ ከሸሸች ደግሞ ወደ ዝምታዋ ትመለሳለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃት ሽማግሌዎቹን የላከው ሰው ነው። ባልነግራት ደግሞ የአያቷ ሕግ አለ፤ በመጀመሪያው እየመለሰች ነው። እኔ ሰው ማስደንገጥ የማልወድ ሴት ነኝ። ዝም አልኩ። እንግሊዝኛዋም እንደ ክረምት ወንዝ ሞላ። ሐኪሙም ታማሚውም ቀሩና ስለ ጥናቷ፣ ስለ ገብስና ስለ አሲዳማ አፈር፣ ግማሽ ሰዓት ሳታቋርጥ ትናገር ጀመር።

ግን ሌላም ነገር አየሁ። ከመናገሯ በፊት ሁለት ጊዜ «እህ፣ እህ» ትላለች፣ አማርኛም ቢሆን። ስትቀመጥ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ታሻሻለች፤ ከዚያ እፍ ትላቸዋለች። ጋሽ ታረቀኝ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት፣ ጠመኔውንም ከጣታቸው የሚያራግፉት እንዲህ ነበር።

በግንቦት አንድ ቀን፣ ምስር አብረን ስንለቅም ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም።

«ማንጤ፣ ያ ክፍል ሰው የለበትም።»

መልቀሟን አላቆመችም። «አውቃለሁ፣ እማማ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥር። ጓጉንቸሩ ዝጓል። ሰው ከውጭ ተቆልፎበት አይከራይም።»

«አትፈሪም ታዲያ?»

«እፈራለሁ። ዝምታዬን ግን የበለጠ እፈራዋለሁ።» አንዲት ጠጠር አወጣችና ጣለች። «ደግሞ እኔን አይደለም የሚፈልጉት። እኔ በደንብ ስናገር ዝም ብለው ይሰሙኛል። ሌላ ሰው አለ የሚጠሩት።»

«ማንን?»

«ወለተ ኪዳን የምትባል። 'ስታንድ አፕ፣ ወለተ ኪዳን፣ ሃው አር ዩ?' ይላሉ። ሁለት ጊዜ ጠርተዋታል፤ አንዴ በገና ሰሞን፣ አንዴ የፋሲካ ማግስት፤ ሁለቴም እርስዎ ቤት አልነበሩም። ተማሪያቸው ሳትሆን አትቀርም። ያውቋታል?»

«አላውቃትም» አልኩ።

ወለተ ኪዳን እኔ ነኝ። ጎረቤቱ የአማረ እናት ይለኛል፤ ማንጠግቦሽ እማማ ትለኛለች፤ ስሜን ከመታወቂያዬና ከአንድ የማታ ትምህርት ቤት መዝገብ ሌላ የሚያውቀው ብዙ የለም። አማረን ታቅፌ እያጠባሁ እስከ አምስተኛ ክፍል ማታ ማታ ተምሬያለሁ። ጋሽ ታረቀኝ ያኔ ወጣት ነበሩ። አንድ ቀን በስሜ ጠርተው አስነሡኝና «ሃው አር ዩ?» አሉኝ። መልሱን አውቀው ነበር፤ ስሄድም ስመጣም እለው ነበር። አፌ ግን ተያዘ። «አጌን» አሉ፤ እንደገና ጠየቁኝ። ከኋላ አንድ ወታደር ሳቀ፤ ክፍሉ ሁሉ ተከተለው። ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለስኩም። ከስንት ዓመት በኋላ ቤት ፍለጋ ደጃፌ ሲመጡ አወቁኝ፤ አወቅኋቸው። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እሳቸውም ያንን ቀን አላነሡት፣ እኔም አላነሣሁት። «እንዴት አደርሽ?» የሚሉኝ በአማርኛ ብቻ ነበር።

ለዲፌንሱ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ቀትር ላይ ከዳሩ ክፍል ምንም አልተሰማም። ማንጠግቦሽም ልትጀምር አፏን ከፈተች፤ የወጣው «እህ፣ እህ» ብቻ ነው። ሌላ ቃል የለም። በአማርኛ ታወራለች፤ እንግሊዝኛውን ልትናገር ስትል ግን ጉሮሮዋ ሁለቴ ይጠረግና ይዘጋል። በማግስቱም እንደዚያው። ማር በሙቅ ውኃ አጠጣኋት፤ ጤና አዳም አሸተትኋት። ጉሮሮዋ ምንም አልሆነም ነበር።

«ድምፄን አስይዤዋለሁ መሰለኝ፣ እማማ» አለች፤ አላለቀሰችም። «አያቴ ነግራኝ ነበር።»

ዲፌንሱ ዓርብ ነበር፤ ተራዋ ስድስት ሰዓት። ጠዋት ነጭ ሸሚዟን ተኩሼ አለበስኋት። የሰኔ ጭጋግ ወርዶ የጎረቤቴን ባሕር ዛፎች ከወገባቸው በላይ ውጧቸዋል። የተሳፈረችበት ባጃጅ ሲሄድ መብራቱ ወዲያው ጠፋ።

ስድስት ሰዓት ሲደርስ እንዝርቴን አስቀመጥኩና ወደ እሷ ክፍል ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። በርጩማዋ ላይ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ ተቀመጥኩ። ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ይንጠባጠባል። ከግድግዳው ወዲያ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ቅርበት፣ የሽቦ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ሰው ሲነሣ እንደሚሆነው። ከዚያ ወንበር ላይ ሰው ተቀመጠ።

«እህ፣ እህ» አለ።

«ስታንድ አፕ፣ ወለተ ኪዳን። ሃው አር ዩ?»

ሦስተኛው ነበር። ተነሣሁ። ከበርጩማው ስነሣ ነጠላዬ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሣሁትም። በልቤ ከአርባ ዓመት በፊት ያጠናሁት ነገር በየቦታው ተቀምጦ ነበር፤ አንዲት ቃል አልጎደለችም።

«አይ አም ፋይን፣ ቲቸር» አልኩ። «ታንክ ዩ።»

ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም፤ የወጣት ሴት ነበር። ከግድግዳው ወዲያ አጌን አላለም። ቀጥሎ በዝግታ፣ ሰው ደብተር ሲዘጋ በሚናገርበት ድምፅ፣ «ሲት ዳውን» አለ። ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የተሰማው ካፊያው ብቻ ነው።

ማንጠግቦሽ የመጣችው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ጫማዋ ጭቃ፣ ፀጉሯ ርሷል። ደጃፉ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ስንት ጊዜ ጠየቁሽ?» አልኳት።

«አንድ ጊዜ» አለች። ከዚያ ገብታ እግሬ ሥር ተቀመጠች። «መጀመሪያ እህ፣ እህ ብቻ ነበር የሚወጣኝ። እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ብዕሩን አስቀመጠ። ያን ጊዜ ከኋላዬ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ዞር ስል ማንም አልነበረም። ስመለስ ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። እስኪያስቆሙኝ ተናገርኩ። አልፈሻል አሉኝ፣ እማማ።»

ሰዓቱን አልጠየቅኋትም። እሷም ነጠላዬ ክፍሏ ወለል ላይ ለምን እንደወደቀ አልጠየቀችኝም፤ አራግፋ ትከሻዬ ላይ ጣለችው።

በማግስቱ የዳሩን ክፍል ከፈትሁ። ወንበሩ በመስኮቱ ሥር፣ ቦታው ላይ ነበር። ግራጫው ኮት ከሚስማሩ ላይ አልነበረም። ፈለግሁት፤ ከአልጋው ሥርም ከሣጥኑም የለም።

ማንጠግቦሽ ተመረቀች። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን መንገድ ይዘው ተመለሱ። አሁን ሉማሜ ግብርና ጽሕፈት ቤት ትሠራለች፤ ከውጭ የሚመጡ ባለሙያዎችን ከገበሬው ጋር የምታነጋግረው እሷ ናት አሉ። እሑድ እሑድ ቀትር ላይ ትደውልልኛለች።

ስልኩን ሳነሣ መጀመሪያ የምሰማው «እህ፣ እህ» ነው። ከዚያ «ሃው አር ዩ፣ እማማ?» ትላለች። ድምፇ የእሷ ነው፤ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ዝም እላለሁ። ትደግመዋለች። አሁንም ዝም እላለሁ።

«እማማ፣ እርስዎም ሳይለንት ሆኑ» ብላ ትስቅብኛለች። ከዚያ ሦስተኛውን ትጠይቀኛለች፤ ያን ጊዜ እመልሳለሁ።