የሳተላይቱ ሰዓትና የእትዬ ጥሩወርቅ ወሰን

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አንድ የእጅ ጂፒኤስ አስጨበጡኝና «ሳተላይት አይዋሽም» አሉኝ። የቅየሳ ሥልጠናዬ በዚያው ተጠናቀቀ።

ኋላ ግን ደብረ ብርሃን ለአጭር ትምህርት ተላክን። የፊዚክስ መምህሩ እንዳስረዱን፣ መሣሪያው ቦታውን የሚያውቀው ምልክቱ ከሳተላይት እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ ነው። የሳተላይቱ ሰዓት ግን እንደኛ አይቆጥርም። ፍጥነቱ ያዘገየዋል፤ ከምድር ስበት መራቁ ደግሞ ከዚያ አብልጦ ያፈጥነዋል። ሁለቱ ሲደማመሩ በቀን ሠላሳ ስምንት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድመናል። አንጻራዊነት የሚሉት ይህ ነው። ባይታረም ስህተቱ በየቀኑ ወደ አሥር ኪሎ ሜትር ስለሚጨምር፣ ደብረ ብርሃን በአራት ቀን አንኮበር ትገባ ነበር፤ ያውም ያለ መናኸሪያ ወረፋ።

መሐንዲሶቹ ስህተቱን አስቀድመው አምነው ሰዓቱን አረሙት። እኛም የራሳችን ጥበብ ነበረን። ቅጹ ላይ «የስህተት መጠን» የሚለውን ሣጥን ከቢሮ ሳንወጣ «3 ሜትር» ብለን እንሞላዋለን። ጊዜ ይቆጥባል።

አንድ ቀን አንኮበር፣ ገደል ሥር፣ የእትዬ ጥሩወርቅን የገብስ ማሳ ወሰን ላረጋግጥ ሄድኩ። በመዝገቡ ያለውን ነጥብ ስፈልግ መሣሪያው ከወሰን ድንጋዩ አሳልፎ ስምንት እርምጃ ገብሳቸው ውስጥ አስቆመኝ። ጎረቤታቸው አቶ ደጀኔ ካስማ ይዘው ደርሰዋል። ለሳይንስ እንዲህ የሚቸኩል ገበሬ አይቼ አላውቅም።

«እትዬ፣ ሳተላይት አይዋሽም» አልኳቸው።

«እንግዲያውስ ድንጋዩ ላይ ቁምና ደጋግመህ ጠይቀው» አሉኝ።

ለካሁ። ጥቂት ቆይቼ ደገምኩ፤ ድንጋዩ ሰባት ሜትር ተጉዟል። ሦስተኛው ንባብ ወደ ገደሉ ወሰደው። ምልክቱ ከገደሉ ግድግዳ እየነጠረ ነበር የሚደርሰኝ። መሣሪያውም ስክሪኑ ጥግ ላይ «9 ሜትር ልሳሳት እችላለሁ» የሚል ቁጥር አውጥቷል፤ እኔ አንብቤው አላውቅም።

«የአባቴ ድንጋይ እግር ማውጣቱን ዛሬ ሰማሁ» አሉ እትዬ። ከልቤ አፈርኩ።

«3»ን ሰርዤ «9» ጻፍኩ፤ ወሰኑም በድንጋዩ እንዲጸና አሳሰብኩ። ኃላፊው ቅጹን ሲያዩ ጮኹ።

«ከሳተላይት ልትበልጥ ነው?»

«የለም ጌታዬ፣ እሱ ስህተቱን ያምናል።»

ለዚህ መልሴ ሦስት ወር መዝገብ ቤት አቧራ ጠረግኩ። ገብሱን ግን እትዬ ጥሩወርቅ አጨዱት።

ለአዳዲስ ቀያሾች የምለው ይኼው ነው፦ የስህተት መጠን የሚጻፈው ማሳው ላይ ነው፤ መሬቱን የሚያጣው ሰው ቆሞ እያየ።