የዶርዜ ዳገትና ሁለቱ ሞተሮች

ባሌ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ነበረው። ጋራዥ ስል የቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ ጉድጓድ፣ ግድግዳ ላይ የተደረደሩ ቁልፎችና ዘይት የጠጣ መሬት ማለቴ ነው። ጥጉ ላይ፣ ጎማዋ ወልቆ አራት ድንጋይ ላይ የተጎለተች ቀይ የስፖርት መኪና ነበረች፤ ጣልያን ሠራሽ፣ ሁለት በር፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ቁመቷ ከወገቤ ብዙም የማይበልጥ። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንጅ ሞተሯ ነክሶ አልዞር ሲለው ትቷት ሄዶ ነው ባሌ እጅ የገባችው። እኔ ለማስተማር ተመድቤ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ የመጣሁት ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ከእሱ ጋር ስንጋባ ሦስት ሆነን እንደምንኖር የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ የሚኖሩት ከአርባ ምንጭ በላይ ተራራው ላይ፣ ዶርዜ ነው። ሸማኔ ናቸው። ጎልማሳ ሳሉ አዲስ አበባ ለዓመታት ሠርተው ስለተመለሱ አማርኛ ደህና አድርገው ይናገራሉ፤ ብቻ እኔን አንዳንዴ "አንተ" አንዳንዴ "አንቺ" ይሉኛል፣ እኔም ለምጄዋለሁ። የተጋባነው ማዘጋጃ ቤት በሁለት ምስክር፣ ሽማግሌ ሳንልክ ነበር። ተቻኩለን ነው እንጂ ንቀን አልነበረም። አማቴም አልተቆጡም። ስንሄድ ቆጮ በዳጣ ያቀርቡልናል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፤ ቤታችን ግን አይመጡም። ገበያ ወርደው፣ ከደጃችን ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ ሸማቸውን ሸጠው፣ ተመልሰው ይወጣሉ። አባት ገብቶ ያልመረቀው ቤት ለዶርዜ ሰው ገና ቤት አይደለም። እኔም በገዛ ቤቴ ሚስት ሳይሆን ተከራይ የሆንኩ ያህል ይሰማኝ ነበር።

በፋሲካ ሄደን ሳለ የመኪናዋ ወሬ ተነሣና አማቴ ሳቁ። "ያቺ ድንጋይ ላይ የተጎለተች መኪናህ ለመስቀል ደጄ ከደረሰች፣ እሷው ይዛኝ ትውረድ። ያን ጊዜ ቤታችሁን አያለሁ" አሉት ልጃቸውን። ቤት ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቃል ነው ብዬ ያዝኩት።

ባሌ ለመኪናዋ ሁለት ሞተር ነበረው። አንደኛው ትንሹ ነው፣ ሺ ሦስት መቶ ሲሲ የሚሉት፣ ፋብሪካው መጀመሪያ ከገጠመላት ጋር አንድ ዓይነት። ሌላው ሁለት ሺ ነው፣ ከተገለበጠ ትልቅ የቤት መኪና የወጣ፣ ለማንሳት አራት ሰው የሚፈልግ። የሲቀላ ወንድ ሁሉ በዚህ ጉዳይ ላይ ሐሳብ ነበረው። የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያመጣው ነጋዴ፣ ጎማ ሊያስነፋ ብቅ ያለው ሁሉ ቆሞ ይከራከራል። ክርክሩም አንድ ብቻ ነው፤ የዶርዜን ዳገት ትወጣለች ወይስ አትወጣም? የዚህ አገር ሰው መኪናን የሚመዝነው በዳገት ነው። ሰው የትም ይሥራ የት ለመስቀል ወደ ላይ ይወጣል፣ መንገድ ማለትም ለእሱ ያ መውጣት ነው። ስለ መውረድ ያወራ ሰው አልሰማሁም፣ ከባሌ በቀር።

እሱ ትንሹን መረጠ። "መኪናዋ የተሠራችው ለዚህ ነው" አለኝ። "ትልቁን ብጭንባት አፍንጫዋ ይከብዳል። ፍሬኗም ለትንሹ የተሠራ ነው፣ ቁልቁለት ላይ አይችላትም።"

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትንሹን ገጥሞ ልንሞክራት ወጣን። ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ዳገቱን ከያዝን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ቦለል አለ። ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። ሸክም ያዘሉ የዶርዜ ሴቶች ቆመው አዩን፣ ከዚያ ሸክማቸውን አውርደው ይገፉልን ጀመር። እኔም በተረከዝ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ገፋሁ። ከሴቶቹ አንዷ በጋሞኛ አንድ ነገር ተናግራ ሁሉንም በሳቅ አፈረሰቻቸው። ምን አለች ብዬ ባሌን ጠየቅሁት።

"'ሙሽራዋ መኪናዋ ናት፣ ይቺኛዋ አጃቢ ናት' አለች" አለኝ፣ እሱም እየሳቀ።

ወሬው ሳይመሽ አማቴ ጆሮ እንደሚደርስ አውቄ ፊቴ ነደደ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ።

"ራዲያተሩ ነው" አለ ባሌ። "ቆሻሻ ይዟል። ላጥበዋለሁ፣ ትወጣለች።"

"ባትወጣስ?"

"ትወጣለች አልኩሽ እኮ።"

"መስቀል ዕለት እነዚህ ሴቶች ሲገፉን አባትህ ከደጃቸው ቆመው ይዩኝ? በቃ፣ ትልቁን ግጠም!"

"ፍሬኑስ?"

"ቁልቁለቱን ማንም ይወርደዋል" አልኩት።

ሦስት ቀን ተኳረፍን። እኔ ሳኮርፍ ድስት ይጮኻል፣ እሱ ሲያኮርፍ ጋራዥ ያመሻል። በአራተኛው ቀን ምሳ ሊበላ መጥቶ፣ እጁን እየታጠበ "እሺ፣ አንቺ እንዳልሽ" አለኝ። አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ሄጄ አራት ሰው ትልቁን ሞተር ሲያወርድባት ቆሜ አየሁ። አፍንጫዋ ጎንበስ ስትል አይቻለሁ። 

መስቀልን ያን ያህል ያማረ ሆኖ አይቼው አላውቅም። መኪናዋ ዳገቱን እያጓራች ወጣችው። እኔ መስኮቱን ከፍቼ፣ በየጠመዝማዛው "ዮ ማስቃላ!" እያሉ የመስቀል ሰላምታ ለሚሰጡን ሁሉ እጄን እያወዛወዝኩ፣ የገፉንን ሴቶች በዓይኔ እፈልግ ነበር። አማቴ ከደጃቸው ቆመው ጠበቁን። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯትና ኮፈኗን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ምራታቸው መሆኔን ሊቀበሉ በገዛ እጃቸው አናቴ ላይ ቅቤ አደረጉልኝ። ቅቤው ግንባሬ ላይ ሲወርድ አልጠረግሁትም።

ለመስቀል የታረደው በሬ ሥጋ ከመከፋፈሉ በፊት ያየሁትን ነገር እዚህ መናገር አለብኝ። ሁለት የባሌ አጎቶች በእንሰት ማሳ ድንበር ተኳርፈው ኖረዋል። አማቴ መሐል ቆመው "ማን ነው ያጠፋው?" ብለው ጠየቁ።  እንደገና ጠየቁ። በሦስተኛው አንደኛው ሰውዬ ተነሥቶ "እኔ ነኝ" አለ። በቃ። ማንም አልመከረውም፣ ማንም አልሰደበውም፤ ተቃቅፈው ሥጋው ተቆረጠ። ባሌ በሹክሹክታ አስረዳኝ፤ ያልተነገረ ጥፋት ቤት ገብቶ ይቀመጣል፣ ልጅና ከብት ያሳምማል ብለው ያምናሉ። ያጠፋው ራሱ ካልተናገረ ደግሞ ሌላ ሰው ቢናገርለት አይቆጠርም። "እንዲህ ከሆነ ዳኞች ሥራ ይፈታሉ" ብዬ ቀለድኩ።

በሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አማቴ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ለቤታችን የሸመኑትን ቡሉኮ በብብታቸው ይዘው ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ፣ ለሻንጣ እንጂ ለሰው ባልተሠራችው ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ገባሁ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ያዳልጣል። ባሌ ከመነሻው በሁለተኛ ማርሽ ነበር የያዛት። እንዲያም ሆኖ ትሮጣለች። ክብደቷ ሁሉ አፍንጫዋ ላይ ስለሆነ ቁልቁለቱን የምትወርደው ጎትቷት የሚሄድ ነገር ያለ ይመስል ነበር። አማቴ እያወሩ ነበር። የባሌ ትከሻ ሲወጠር ከኋላ አየሁት።

አራተኛው ይሁን አምስተኛው ጠመዝማዛ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ባሌ ፍሬኑን ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ደጋግሞ ረገጠ። ፔዳሉ ወለሉን ሲመታ ድምፁ ተሰማኝ። ወደ አንደኛ ማርሽ ሊያስገባ ሲታገል ካምቢዮው ጮኸ፣ አልገባም አለ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። የኋላ ጎማዎች ተንሸራተው መኪናዋ ተወላገደች እንጂ አልቆመችም። በግራ በኩል ገደል ነው፤ ከታች የአርባ ምንጭ ሐይቅ ውሃ ይታያል። አማቴ ወሬያቸውን አቆሙ።  አእምሮዬ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ።

ባሌ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ተራራው አዞረው። መኪናዋ ጎኗን ከአፈሩ ጋር እያፋተገች ሄዳ ሄዳ፣ በመጨረሻ አንድ ጎማዋ የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆመች።  አማቴ ግንባራቸው መስታወቱን መትቶ ትንሽ ደም ወጥቷቸዋል። ባሌ እጁ ከመሪው አልላቀቅ ብሎት እኔ ነኝ ከኋላ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅሁለት።

ወጥተን መንገዱ ዳር ቆምን። አማቴ ደማቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። መኪናዋን አዩ፣ ገደሉን አዩ። ባሌ ስለ ሞተሩ ክብደትና ስለ ፍሬኑ በጋሞኛ ሲያስረዳቸው ሰሙት። ከዚያ በአማርኛ ጠየቁ።

"ይህን ሞተር የመረጠው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ አባ" አለ ባሌ።

 ዓይናቸው ከመሬት ሳይነሣ እንደገና "ይህን ሞተር የመረጠው ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ። መካኒኩ እኔ አይደለሁም እንዴ?"

አባትና ልጅ ብቻቸውን በጋሞኛ ነው የሚነጋገሩት። በአማርኛ የጠየቁት ለማን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። ከእኔ የሚያስፈልገው ሁለት ቃል ነበር። ግን አናቴ ላይ ያደረጉልኝ ቅቤ ገና አልደረቀም፣ ቤቴም ሊገቡ የቀራቸው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ብናገር ያ ሁሉ የሚወሰድብኝ መሰለኝ። ባሌ ለሦስተኛ ጊዜ "እኔ ነኝ" አለ። እኔ ዝም አልኩ። አማቴ ለቤታችን የያዙትን ቡሉኮ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉን፣ ዳገቱን በእግራቸው መልሰው ወጡት።

መኪናዋን በማግስቱ አይሱዙ ጎትቶ ሲቀላ አደረሳት። ባሌ ስለ ዝምታዬ አንድ ቀን አላነሣም፤ ያ ነው የገደለኝ። ቢሰድበኝ እሰድበው ነበር፣ ቢወቅሰኝ ተሟግቼ ይቀልለኝ ነበር። ጋራዡ የመጣ ሁሉ "ምን ነካህ፣ ለዚህች መኪና ያን የሚያህል ሞተር?" ሲለው "ተሳሳትኩ" ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። በመካኒክነቱ የሚመካ ሰው ነበር። እኔ ክፍል ገብቼ ልጆችን ስለ እውነተኛነት ድርሰት አጽፋለሁ። 

በሦስተኛው ሳምንት ለማንም ሳልናገር በጭነት መኪና ዶርዜ ወጣሁ። አማቴ መሸመኛው ላይ ነበሩ። ሳልቀመጥ፣ እንደቆምኩ "ሞተሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ትንሹን ነበር ያለው" አልኳቸው።

መወርወሪያውን አቆሙ። "አውቄያለሁ" አሉ። "ልጄ ስለ ብረት እንዲህ አይሳሳትም።"

"ታዲያ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"እኔን ምን አደረግኸኝ? ልጄ መንገድ ላይ ብቻውን ቆመ። እሱ ጋ ሂጂ። ሰው ባለበት ተናገሪ።" መወርወሪያውን መልሰው አነሡት።

ዕለቱን ወርጄ ከመኪናው በቀጥታ ጋራዥ ገባሁ። አምስት ስድስት ሰው ነበር፤ ያ ሾፌርም፣ የሙዝ ነጋዴውም። ባሌ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ከላዩ የቆመ መኪና ይፈታል። "ስሙኝ" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። "ትልቁን ሞተር የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ፍሬኑ አይችልም ብሎኝ ነበር። አባቱ ሲጠይቁም ፈርቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ከጉድጓዱ የሚሰማው የቁልፍ ድምፅ ቆመ። ባሌ ወጣ። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር፤ ፊቱ ግን ተቆጥቶ ነበር፣ ከተጋባን ወዲህ አይቼው በማላውቀው ቁጣ።

"ማን ተናገሪ አለሽ?" አለኝ። "ጥፋቱን ይዤልሽ ነበር እኮ!"

ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። እኔና እሱ ዘይት በጠጣው መሬት ላይ ተቀምጠን አለቀስን። እሱ ቀድሞኝ ነው ያለቀሰው፣ ይህንንም አልደብቅም።

በሳምንቱ ረፋድ ላይ አማቴ ወሬውን ሰምተው በእግራቸው መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው በጋሞኛ ረዥም ምርቃት መረቁን፤ የገባኝ ጥቂቱ ነው፣ "አሜን" ያልኩት ግን በሁሉም ነው። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ያቀረብኩትን በሉ። እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ ልጃቸውን "አሁንስ የትኛውን ሞተር ልትገጥም ነው?" አሉት።

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። ሊያሾፍብኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። አባቱ ፊት፣ የሆነውን ሁሉ እያወቀ፣ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። አማቴ የውሃ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

"አትቸኩዪ" አሉ። "አስቢበት።"