የለቅሶ ቀን ያሳየሁት ቤት

ድለላ የጀመርኩት ከጋሽ ደሜ ጋር ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ አዳማ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀበሉኝ። ቢሮ የሚባል ነገር የለም። በረንዳው ቢሮ ነው፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት ደግሞ መልእክት ተቀባይ። ጋሽ ደሜ ከኪሳቸው የቁልፍ ማንጠልጠያና ሜትር አውጥተው ሜትሩን ለእኔ ሰጡኝ። ቁልፉን ለመያዝ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ።

የዚያን ቀን ሦስት ቤት ዞርን። በየመንገዱ የሚነግሩኝ ስለ ሰዓት ብቻ ነበር። "ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ቤት ጠዋት አሳይ። በዚህ በአዳማ ፀሐይ ከሰዓት ካሳየኸው ምድጃ ነው። ወፍጮ ቤት አጠገብ ያለውን እሁድ አሳይ። ጎርፍ የሚገባበትን በጥር አሳይ" አሉኝ።

"ገዢው ጎርፍ ይገባል ወይ ብሎ ቢጠይቀኝስ?" አልኳቸው።

"ከጠየቀህማ ንገረው! ሌባ ነህ እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ።

ያን ጊዜ ሳቅሁ። ሳይጠየቁ የሚደብቁ፣ ሲጠየቁ ግን የማይዋሹ ሰው ነበሩ። እኔ ሰዓቱን ጥሩ አድርጌ ተማርኩ። ሲጠየቁ አለመዋሸቱን ግን አልተማርኩም።

ሥራውን አወቅሁ ስል በጉራ አይደለም። ካርታ አነባለሁ። ካርታው ላይ ያለውን ስፋት መሬቱ ላይ ካለው ጋር በሜትር አመሳክራለሁ። ዕዳና እገዳ እንዳለበትና እንደሌለበት አጣራለሁ። ክፍለ ከተማ ስገባ "አካም ቡልተኒ" ብዬ ነው የምጀምረው፣ ጉዳዬን በኦሮምኛ አስረድቼ በአማርኛ ለገዢው እተረጉማለሁ። በእኔ እጅ ያለፈ ውል በሰነድ ጉድለት ፈርሶ አያውቅም። እናንተ ዛሬ የቤት ፎቶ በቴሌግራም እየለቀቃችሁ የምትውሉ ልጆች፣ ይህን ስታነቡ "ሽማግሌው ራሱን ያሞግሳል" ትሉ ይሆናል። ቆዩ፣ ወደ ውርደቱ እየመጣሁ ነው።

አንድ ቤት ነበር። ባለ ሦስት ክፍል፣ ጓሮው ውስጥ የፓፓያ ዛፍ ያለበት፣ ደረጃ የሌለው ለጥ ያለ ቤት። የሚገኘው ማለፊያ በሌለው ጠባብ ቅያስ መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ያለው ግቢ የአቶ ፋንታሁን ነው። ፋንታሁን የጭነት መኪና አለው፤ መኪናውን ጭነት ካገኘበት ቀን በስተቀር ቅያሱ ውስጥ ያቆመዋል። መኪናው ከቆመ በግድግዳውና በመኪናው መካከል ሰው በጎኑ ሆኖ ነው የሚያልፈው። ቅያሱ ካርታ ላይ የጋራ መተላለፊያ ተብሎ ተጽፏል። ፋንታሁን ግን መሬቱ የአባቱ እንደነበረ፣ መንገዱን የሰጡትም አባቱ እንደሆኑ ይናገራል። ማን ያስረዳው? ከዚያ ቤት ሁለት ባለቤት በተከታታይ ተማርሮ ወጥቷል። ሻጩ ይህን ሁሉ በግልጽ ነግሮኛል። "ብቻ አንተ እንደምንም ሽጥልኝ" ነበር ያለኝ።

እትዬ አስካለ በዚህ መሐል መጡ። ሁሩታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ንጉሤ በስትሮክ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። አዳማ ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒ ከሠሩ በእግራቸው ይሄዳሉ ብሎ ሐኪሙ ተስፋ ሰጥቷቸዋል። የሁሩታውን ቤት ሸጠው እዚህ ሊገዙ ነው። ሁሩታ የቀረ ቤት የላቸውም፤ የሚገዙት ቤት ካልሆናቸው ሌላ የሚገዙበት አቅም የለም።

ጥያቄያቸው ሁለት ነበር። "ደረጃ አይኑረው። ጎረቤቱን ደግሞ ሳላይ አልገዛም" አሉኝ። "ግድግዳ ቢሰነጠቅ አስጠግናለሁ። ጎረቤት ቢበላሽ ምን አደርገዋለሁ? ንጉሤ የሚደክም ሰው ነው፣ እኔም ብቻዬን ነኝ።"

ደረጃ የሌለው፣ በአቅማቸው ያለ ቤት በእጄ የነበረው ያ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ "ቁልፉ ሻጩ ጋ ነው"፣ "ሻጩ ወለንጪቲ ሄዷል" እያልኩ አቆየኋቸው። የምጠብቀው የፋንታሁን መኪና ጭነት አግኝቶ እንዲወጣ ነበር። መኪናው ግን ንቅንቅ አልል አለ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በዚያ ሰፈር የእድር ጥሩምባ ተነፋ። ቅያሱ መግቢያ ላይ የሚኖሩ እናት አርፈዋል። ድንኳኑ የሚተከለው ቅያሱ ውስጥ ነው፣ ሌላ ቦታ የለም። ስለዚህ መኪናው ይወጣል ማለት ነው። እውነቱን ልናገር፣ ሞታቸውን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ "ነፍስ ይማር" አይደለም። ስልኬን አውጥቼ ሁሩታ ደወልኩ። "እትዬ፣ ቁልፉ ተገኝቷል፣ ዛሬውኑ ይምጡ" አልኳቸው።

በሚኒባስ መጡ፣ ከመናኸሪያ በባጃጅ ወሰድኳቸው። ድንኳኑን ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። "ለቅሶ ያለበት ደጅ እንዴት ዝም ብዬ አልፋለሁ? ነገ ጎረቤቶቼ ሊሆኑ ይችላሉ" ብለው ገቡ። እንደሚገቡ አውቅ ነበር። እሱንም አስቤበታለሁ።

ድንኳኑ ውስጥ አስተናጋጁ ማን ሆነ? ፋንታሁን። አግዳሚ የሚያመጣው እሱ፣ ንፍሮ የሚያዞረው እሱ፣ ሽማግሌዎቹን ደግፎ የሚያስቀምጠው እሱ። የሟቿን ሳጥን ከፊት ይዞ የወጣውም እሱ ነበር። እትዬ አስካለን "ከየት መጡ እናቴ?" ብሎ ጠየቃቸው። ቤት ሊያዩ እንደመጡ፣ ባላቸው እንደታመሙ ነገሩት። "አይዞዎት፣ እኛ እያለን ምን ይሆናሉ" አላቸው። ይህን ሲል አልዋሸም። ፋንታሁን ለቅሶ ላይ እንደዚያ ነው። ከተካሰሰው ሰው ጋር እንኳ አብሮ ድንኳን ይተክላል። ድንኳኑ ሲነሳ ወደ ክሱ ይመለሳል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ቤቱን ያዩት ለይስሙላ ነው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። በሩን ስቆልፍ ክንዴን ያዙኝ።

"ወንድሙ፣ እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው የምጠይቅህ። ይህ ሰውዬ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው?"

ጥያቄው መጣ። ጋሽ ደሜ ቢሆኑ ይመልሱ ነበር።

"እትዬ፣ በዓይንዎ አይተውት የለ? እኔ ምን እጨምርበታለሁ!" አልኩ።

"መንገዱስ? ባጃጅ ይገባል?"

"ድንኳኑ ነው እንጂ የዘጋው፣ መንገዱማ የጋራ ነው። ካርታው ላይም አለ።"

አያችሁ፣ አንድም የተሳሳተ ቃል የለበትም። ለዚህ ነው እስካሁን የሚያሳፍረኝ። ጥርት ያለ ውሸት ብዋሽ ኖሮ ራሴን ውሸታም ብዬ እገላገል ነበር።

ቀብዱ በማግስቱ ተከፈለ፣ ውሉም በዚያው ሳምንት ተፈረመ። ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ሲነሳ መኪናው ተመልሶ ቦታውን ያዘ። ከወር በኋላ እቃቸውን ጭነው ሲመጡ የእቃው መኪና ቅያሱ ውስጥ መግባት አልቻለም። አልጋና ቁም ሳጥን በሰው ትከሻ ገባ። ጋሽ ንጉሤን ሁለት ሰው ደግፎ አስገባቸው። እኔ አልሄድኩም፤ በኋላ ነው የሰማሁት።

ስልክ ተደወለልኝ። "ወንድሙ፣ መኪና ቆሟል፣ ባጃጁ አልገባ አለ። ለሰውየው ንገርልኝ፣ አንተን ያውቅህ የለ?" አሉኝ። ሄድኩ። ፋንታሁን በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጧል።

"ፋንታሁን፣ ሰውየው በሽተኛ ናቸው። ትንሽ ወደዚያ ፈቀቅ ብታደርገው ምን ትሆናለህ?" አልኩት።

"አባቴ የሰጠው መሬት ነው። ለኑሮዬ የማቆመው መኪና ነው። ደጅ ባሳድረው ጎማውን ፈተው ይወስዱታል፣ አንተ ትከፍለኛለህ?" አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ደግሞ አንተ ምን አግብቶህ ትጠይቀኛለህ? ከእኔ በላይ ታውቀው የለም እንዴ! ከእነሱ በፊት የነበሩት ለምን እንደወጡ ሻጩ ነግሮሃል። ለምን አልነገርካቸውም?" አለኝ።

ዞር ስል እትዬ አስካለ በመኪናውና በግድግዳው መሐል ቆመዋል። ሰምተዋል። አልጮሁም፣ አልሰደቡኝም። ብቻ ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝና "ታውቅ ነበር?" አሉኝ።

ጫማዬን አየሁ።

"ስንት ዓመት ልጅ አስተማርኩ" አሉ። "የዋሸ ልጅ ሲያዝ ልክ እንዲህ ነው የሚያደርገው።" በጎናቸው ሆነው ወደ ውስጥ ተመለሱ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌ ሰበሰብኩ፣ በራሴ ወጪም አስታረቅሁ። ፋንታሁን እሺ አለ። አንድ ሳምንት መኪናውን አወጣ፣ ከዚያ አንድ ቀን ዝናብ ዘነበና "ለዛሬ ብቻ" ብሎ አስገባው። ያ ዛሬ አላለቀም። ለክፍለ ከተማው አቤቱታ ጻፍን፤ መልሱ በሽማግሌ ጨርሱ የሚል ሆነ። ሽማግሌው ደግሞ ጨርሶታል።

ጋሽ ንጉሤ በዚህ ሁሉ መሐል ፊዚዮቴራፒያቸውን ይመላለሱ ነበር። ቀኝ እጃቸውን ከዘራው ላይ፣ ግራ ትከሻቸውን ግድግዳው ላይ ተደግፈው፣ በመኪናው ጎን እየተሳቡ እስከ አስፋልቱ ይደርሳሉ። ከዘራ ብቻ ይዘው ቤት ውስጥ መራመድ ጀምረው ነበር። እትዬ ይህን በደስታ ለሰፈር ሰው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን መኪናው ሥር የተንጠባጠበው ዘይት አንሸራተታቸውና ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ "በዚያ መንገድ አልሄድም" አሉ፤ አልሄዱም። ዛሬም አልጋ ላይ ናቸው።

ይቅርታ ለመጠየቅ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። እትዬ ተቀበሉኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ብርቱካኑንም ልጠው ለባላቸው ሰጡ። "ይቅርታህን ተቀብያለሁ። አሁን ቤቱን ሽጥልኝና ከዚህ አውጣን" አሉ።

ገዢ ፈለግሁ። ከወራት በኋላ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ተገኙ፤ ባልየው የሆቴል ሠራተኛ ነው፣ እሷ ሱቅ አላት። ቤቱን ባሳየኋቸው ቀን ፋንታሁን ሽንኩርት ሊጭን ወደ ቡልቡላ ሄዷል፤ ቅያሱ ባዶ ነው። አልዋሽም፣ ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ለማን ብዬ? ለእትዬ ስል ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ልጆቹ ቤቱን ወደዱት። ልጅቷ ፓፓያውን አይታ ሳቀች።

"ጎረቤቱስ እንዴት ነው እትዬ?" ብላ ጠየቀች።

እኔ አፌን ስከፍት እትዬ አስካለ ቀደሙኝ። "ልጄ፣ እዚያ የምታዪው ቦታ ላይ የጭነት መኪና ይቆማል። ዛሬ የለም፣ ነገ ይመጣል። ሰውየው ለለቅሶ የሚገኝ ሰው ነው፣ ግን መኪናውን አያነሳም። ባሌ እዚያ ነው የወደቀው" አሉ። ሁሉንም ነገሯቸው፣ የሽምግልናውንም፣ የአቤቱታውንም። ልጆቹ ተያዩ። አመስግነው ሄዱ።

እኔ ንድድ አለኝ። "ምነው እትዬ! እኔ ለእርስዎ ብዬ ነበር እኮ። ሊገዙ ነበር!"

"ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት" አሉኝ። "ምጧ ሲመጣ በየት በኩል ትወጣለች? አላየሃትም እንዴ?"

"አላየሁም" አልኩ።

አይቻታለሁ። ከባጃጁ ስትወርድ ወገቧን ይዛ ነበር፤ ደግፌ ያወረድኳት እኔ ነኝ።

ቤቱ እስከ ዛሬ አልተሸጠም። እትዬ አስካለ ለመጣው ገዢ ሁሉ ይናገራሉ፤ ገዢውም ይሄዳል። እኔ ከዚያ ወዲህ ቁልፍ አልያዝኩም፤ ሜትሩን ግን ለማንም አልሰጠሁም፣ ቤት ነው ያለው። ሥራውን ለያዛችሁ የምለው አንድ ነገር ነው። ገዢ ስለ ጎረቤት ከጠየቃችሁ የምታውቁትን ንገሩት። ቤቱ ሳይሸጥ ቢቀር ይቅር።